መኪናው ድንበር ላይ አይቆምም

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14። ጠዋት፣ ቢሮ

ዳገቱን በእግሬ። ታክሲ የለም። ከሰፈሬ ከእሪ በከንቱ ተነስቼ ፒያሳ እስክወጣ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። የሥራ ባልደረባዬ ናሆም ቀድሞኝ ገብቷል። ጠረጴዛዬ ላይ ለእኔ ለሙስሊሟ የፋሲካ ድፎ ዳቦ አስቀምጦልኛል፣ በሶፍት ጠቅልሎ። ዶሮውንስ ለማን ተውከው ስለው፣ ዶሮው ሃይማኖት አለው፣ ዳቦው የለውም አለኝ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ልጅ መልስ አያጣም።

ስክሪኑ ላይ ካርታው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ፣ ከላይ እስከ ታች። በመንገዱ ዳር የተተከሉት የሞባይል ማማዎች አረንጓዴ ነጥብ ናቸው። የቀረው አንድ ብቻ፦ ጋላፊ፣ ድንበሩ አጠገብ፣ ኮረብታው ላይ። እሱ ከቆመ መስመሩ ሙሉ ነው።

ማስታወሻዬ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጥርሴ ሕመም ስነግርሽ ኖሬ ስለ ሥራዬ አንድ ቀን በወጉ አላወራሁሽም። እንግዲህ ስሚ። ከባድ መኪኖች ላይ ትንሽ ሳጥን እንገጥማለን። የፊተኛው መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ፣ ግመል ሲገባበት፣ ሲገለበጥ፣ ሳጥኑ በኔትወርክ በኩል ከኋላ ለሚመጡት ሁሉ ይናገራል። የኋለኛው ሹፌር አደጋውን በዓይኑ ከማየቱ በፊት በጆሮው ይሰማል። ኔትወርክ ከሌለ ግን ሳጥኑ ተራ ብረት ነው። የእኔ ሥራ ኔትወርኩ መንገድ ላይ እንዳይጠፋ ማድረግ። ይኸው።

እማዬ ደወለች። ጀማል ደውሎልሽ ነበር? አልደወለም። ጀማል ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ተሳቢ ይነዳል፣ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ያመጣል። ድንበሩ ጋ ሲደርስ ስልኩ ይጠፋል። ሁልጊዜ። እስኪመለስ ድረስ እማዬ እህል በአፏ አይዞርም። አብሽሪ አልኳት። እሷ ናት ዘወትር እኔን አብሽሪ የምትለኝ፤ ስልኩ ሲጠፋ ግን ተራው የእኔ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16። ከሰዓት

ቆመ!! የጋላፊው ማማ ቆመ። ፎቶው ሲመጣ ናሆም ወንበር ላይ ወጥቶ እልል አለ። ወንድ ልጅ እልል ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ፍየል የታነቀች ነው የሚመስለው። ከታች ፎቅ ያሉት ሰዎች ሰርግ ነው እንዴ ብለው መጡ።

ኢ/ር ደረጀ ለሁላችንም ማኪያቶ ጋበዘ። አለቃችን ነው፤ የስልክ ሽቦ በእንጨት ምሰሶ ይዘረጋ በነበረበት ዘመን የጀመረ ሰው። ሲደሰት አይስቅም፤ መነጽሩን ያጸዳል። ዛሬ ደጋግሞ አጸዳ። በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያው ሙከራ።

ለሙከራው ፈቃደኛ ሹፌር ሲፈለግ ጀማል ራሱ ደወለልኝ። ሳጥንሽን እኔ ላይ ግጠሚው፣ እህቴ ሠርታው ሌላ ሰው ሊቀድመኝ ነው? አለ። ተቆጣሁት፣ ደስ አለኝ፣ አለቀስኩ። በዚህ ቅደም ተከተል። እማዬ ስትሰማ ልጄን መሞከሪያ ልታደርጊው ነው ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። እራት ግን አቀረበችልኝ። እራት ካቀረበች ነገሩ አልከፋም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

እጄ ይጽፋል፣ ልቤ የለም።

ጠዋት ከሰመራ ተነሱ። ሁለት ተሳቢ። የጀማል ጓደኛ ከፊት፣ ጀማል ከኋላ። የፊተኛው በየመሃሉ ሆን ብሎ ፍሬን ይይዛል፤ የጀማል ሳጥን ማስጠንቀቅ አለበት። እኛ ፒያሳ ሆነን ስክሪን ላይ እናያለን። ሰመራ፣ አረንጓዴ። ዲቾቶ፣ አረንጓዴ። ማስጠንቀቂያው ሁሉ ይደርሳል። ጋላፊ፣ አረንጓዴ። ናሆም በጣቱ ጠረጴዛውን ይመታል። ኬላውን አለፉ።

የጀማል ነጥብ ግራጫ ሆነች።

በዚያች ሰዓት የፊተኛው ፍሬን ያዘ። ማስጠንቀቂያው የትም አልደረሰም። ጀማል በዓይኑ አይቶ ነው የቆመው። ቀን ነበር፣ አየሩ ጥሩ ነበር፣ ቀስ ብለው ነበር የሚነዱት። ሌላ ቀን ቢሆንስ?

ብዙ ቆይታ ነጥቧ ማዶ አረንጓዴ ሆና ብቅ አለች፤ የእነሱን ኔትወርክ ፈልጋ ፈልጋ አግኝታ። ኢ/ር ደረጀ ስክሪኑን እያየ ቆመ። መነጽሩን አልነካም። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ናሆም እንኳን ቀልድ አጣ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22። ከስብሰባ በኋላ

ቃል በቃል ልጻፈው፤ እንዳይጠፋኝ።

በሚቀጥለው ወር ከሁለቱም አገር እንግዶች ይመጣሉ፤ ሥራውን ያያሉ። ኢ/ር ደረጀ ካርታውን በእስክሪብቶ እየነካ፣ "እስከ ጋላፊ ሠርቷል። የሠራውን እናሳይ፤ ድንበሩን ለሌላ ዙር እናቆየው" አለ።

"መኪናው ድንበር ላይ አይቆምም፣ ኢንጂነር" አልኩ።

"መኪናው አይቆምም፤ የእኛ ሥልጣን ግን ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የሰው አገር ነው።"

"አደጋውስ ፓስፖርት ያሳያል?"

ናሆም አፉን በእጁ ያዘ። ሌሎቹ ጠረጴዛውን አዩ። ደግሞ አፌ አልቆመም፦ እዚያው ኬላው ወዲያና ወዲህ ነው መኪናው የሚበዛው፣ የሚሰለፈው፣ የሚቸኩለው፤ ሌላውን መንገድ ሁሉ ሸፍነን ያቺን ቦታ ከተውን ጃንጥላ ዘርግተን ቀዳዳው ሥር መቆም ነው አልኩት። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም።

ኢ/ር ደረጀ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ፣ "ለእንግዶቹ እስክንዘጋጅ ጊዜ አለሽ" አለ። "ምክንያቱን አግኝተሽ ካስተካከልሽው ድንበሩ ይገባል። ካልሆነ እስከ ጋላፊ ብቻ ይታያል፤ አንቺም ደግመሽ አታነሺውም። ተስማማን?"

"ተስማማን።"

ወጥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ፊቴን ታጠብኩ። መስታወት ውስጥ ያለችው ሴትዮ ፈገግ ብላለች። ምን አስፈገጋት?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25። ስድስት ኪሎ

አገኘሁት። አገኘሁት አገኘሁት አገኘሁት።

ጠዋት ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ የጋላፊን ካርታ አስፍቼ አሳተምኩ፤ ኮረብታው፣ ሸለቆው፣ መንገዱ። ካፌ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አጠገቤ ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች፤ እነሱም ያጉረመርማሉ፣ እኔም አጉረመርማለሁ። የጀማል ሳጥን የመዘገበውን ደጋግሜ አየሁ። ግራ ያጋባኝ ነገር እዚያው ነበር፦ ነጥቧ ግራጫ ስትሆን የእኛ ማማ ሲግናል ደካማ አልነበረም። ብርቱ ነበር! ብርቱ ከሆነ ለምን ተቋረጠ?

በዚህ መሃል አዛን። እኔም ድንገት ቀጥ አልኩ።

ማስታወሻዬ፣ የሰፈራችንን መስጊድ አስቢ። ከላይ በድምፅ ማጉያ አዛን ሲል እሪ በከንቱ ታች ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። እኔ ከታች ሆኜ አቤት ብል ሙአዚኑ ይሰማኛል? አይሰማኝም። የእኛ ማማ ኮረብታ ላይ ነው፤ ድምፁ ድንበሩን አልፎ ርቆ ይሄዳል። መኪናው ማዶ ወርዶም ይሰማዋል፤ አገሬ ላይ ነኝ ብሎ ይጣበቅበታል። የመኪናው መልስ ግን ወደ ላይ አይደርስም። ማማው ይጠራዋል፣ እሱ አቤት ይላል፣ ማንም አይሰማውም። የማዶው ማማ አጠገቡ ቆሞ እያለ ወደሱ ዞር አይልም። ተስፋ ሲቆርጥ ብቻ ነው አዲስ ኔትወርክ መፈለግ የሚጀምረው፤ እዚያ ላይ ነው ጊዜው የሚያልቀው።

ለናሆም ደወልኩ። እየተንተባተብኩ አስረዳሁት። "በቃ ሳጥኑ እሪ በከንቱ ገብቷላ!" አለኝ። ካፌው መሃል ብቻዬን እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ተማሪዎቹ ፈተናው ያሳበዳት አንዷ መሰልኳቸው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። የእኛን አንቴና አንገት ዝቅ ማድረግ፤ የራሱን መንገድ ይይ፣ የሰው ግቢ አይመልከት። ሁለተኛው፣ ሁለቱ ማማዎች ይተዋወቁ፤ የእኛው መኪናውን ከመልቀቁ በፊት የእነሱ ይቀበለው። እጅ በእጅ። የመጀመሪያው በእጃችን ነው። ለሁለተኛው ማዶ ሰው ያስፈልገኛል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ማዶ ሰው አለኝ! ሙሳ ይባላል፤ በጅቡቲ በኩል እንደኔው የኔትወርክ መሐንዲስ። እስከ ዛሬ በኢሜይል ብቻ ነበር የምንጻጻፈው፣ በደረቅ እንግሊዝኛ። ዛሬ ስደውልለት ሳል ብሎ በአማርኛ፣ እህት እንዴት ነሽ አለኝ። ለካ ስድስት ኪሎ ነው የተማረው። አማርኛው ዝጓል፣ ጨዋታው ግን አልዛገም። ስለ ፒያሳ ጠየቀኝ፤ ማታ ማታ ፓስታ ይበላበት የነበረ ቤት አለ ወይ? ፈርሷል አልኩት። አጠገቡ ያለው መጽሐፍ ሻጭስ? እሱም። እኛስ አለን አይደል፣ ሥራሽን ንገሪኝ አለ።

ነገርኩት። ገና ሳልጨርስ ገባው። አንቴናውን እናንተ ዝቅ ካደረጋችሁ እኔ በሬን እከፍታለሁ፤ ችግሩ አለቃዬ ነው አለ። የሰው አገር ኔትወርክ በቀጥታ ከእኛ ጋር ይገናኝ ማለት ቤትህን ክፈት ማለት ይመስለዋል። እንዴት ታሳምነዋለህ? የአለቃው የአጎት ልጅ ሹፌር ነው፤ ባለፈው ዓመት እዚያው ቦታ ከቆመ መኪና ጋር ተጋጭቶ እግሩን አጥቷል። እሱን ይዤ ቢሮው እገባለሁ አለ። ተንኮል ነው አልኩት። አይ፣ ማስረጃ ነው አለ።

እሱ የሱን አለቃ፣ እኔ የኔን። ተከፋፈልን።

የእኔ ቀለለ። የሰፋውን ካርታ ፊቱ ዘርግቼ ስለ አዛኑ ስነግረው ኢ/ር ደረጀ መነጽሩን አወለቀ።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ሙሳ አንድ ቃል ላከ። "ተፈቀደ።"

ናሆም ደግሞ እልል ሊል ሲል አፉን ያዝኩት።

እሑድ፣ ግንቦት 3። ቤት

ሻንጣ። ነገ ከናሆምና ከቴክኒሻኖቹ ጋር ወደ ጋላፊ። እማዬ፣ "ጀማል አንሶኝ አንቺም?" አለች። እሱ የሚጠፋበትን ቦታ ላጠፋው ነው የምሄደው አልኳት። በሶና ተምር ቋጠረችልኝ፤ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። ያ ክርስቲያኑ ልጅ ተምር ይወዳል? አለች። ናሆም የማይወደው ነገር የለም አልኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ጋላፊ፣ ከሰዓት

ሙቀቱ ሰው ነው፤ ትከሻሽ ላይ ይቀመጣል። የተሳቢው ሰልፍ ማብቂያ የለውም። ሹፌሮች ከመኪናቸው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ጥላ ይጠብቃሉ። ናሆም የፒያሳ ጫማውን አድርጎ መጥቶ ሶሉ አስፋልቱ ላይ ተጣበቀ። አቦ ይሄ አገር ሰው ይጠብሳል አለ፤ ከዚያ በኋላ የእማዬን በሶ በጥብጦ ጠጣና ወደ ሥራው ገባ።

ቴክኒሻኑ ማማው ላይ፣ እኔ ታች በስልክ። ዝቅ አድርገው። ትንሽ። ገና ነው። ትንሽ። በቃ! ማዶ ሙሳ አለ፤ በኬላው በኩል እጁን ሲያውለበልብ አየሁት። ያሰብኩት ረጅም ቀጭን ሰው ነበር። አጭር ወፍራም ሆኖ ተገኘ። በጣም ሳቅን።

የመጀመሪያው ዙር ተቋረጠ። ግን ለአፍታ ብቻ! እንደ ማስነጠስ። ሙሳ በራሱ በኩል የቀረ ነገር እንዳለ አየ፤ ማታ አስተካክለዋለሁ፣ ጠዋት እንድገም አለ። እሺ። ግማሽ ድል ነው። ግማሽ ድል ይዞ መተኛት ከሙሉ ሽንፈት ይሻላል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6። ጋላፊ፣ ጠዋት

ማስታወሻዬ፣ ተቀመጪ።

የመሻገሪያ ፈቃዱን ከሁለቱም በኩል አግኝተናል። ሙከራው በፒክአፕ ነው። ሳጥኑ ተገጥሟል፤ እኔ ከሹፌሩ አጠገብ፣ ናሆም ከኋላ ላፕቶፕ ታቅፎ። ከሳጥኑ ሌላ የስልክ ጥሪም ሳይቋረጥ እንዲያልፍ ፈለግን። ለማን ልደውል? ለእማዬ ደወልኩ።

ምንም አልነገርኳትም። እንዴት አደርሽ አልኳት፤ እሷም ጀመረች። የውሃ መስመር ሊቀይሩ መጥተው ደጃፉን ቆፍረው መሄዳቸውን። የጎረቤታችን ልጅ መታጨቷን። አትክልት ተራ ደርሳ ያየችው ሽንኩርት ሽንኩርት አለመሆኑን፣ ውሃ መሆኑን። እኔ እህ፣ እህ እላለሁ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። የእኛን ኬላ አለፍን። እማዬ ስለ ታጨችው ልጅ ባል እናት ታወራለች። ማማችን ከኋላ እየራቀ ነው። ናሆም ትከሻዬን ጨመቀ። የግራጫዋ ነጥብ ቦታ ይኸው ነበር። ትንፋሼን ያዝኩ።

"ትሰሚኛለሽ?" አለች እማዬ።

"እሰማለሁ።"

"ምነው ዝም አልሽ ታዲያ? እና ሴትዮዋ ምን አለች መሰለሽ..."

ናሆም ከኋላ በሹክሹክታ ስሜን ጠራ፦ ሐዩ፣ ተቀበለ፣ ማዶው ተቀበለ። ስክሪኑ አረንጓዴ። እናቴ ሴትዮዋ ያለችውን እስከ መጨረሻው ነገረችኝ። ሙሳ መንገዱ ዳር ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል።

"እማዬ" አልኳት፣ "የት ነኝ መሰለሽ?"

"እዚያው ጋላፊ ነኝ አላልሽም?"

"ጅቡቲ ነኝ። አሁን፣ ስታወሪኝ፣ ተሻገርኩ።"

"አትቀልጂ።"

"ወላሂ።"

ዝም አለች። ተቋረጠ ብዬ ደነገጥኩ፤ አልተቋረጠም። ስትተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ እልልታዋ። የእናቴ እልልታ ከእሪ በከንቱ ተነስቶ ድንበር ተሻግሮ ፒክአፑን ሞላው። ሹፌሩ መኪናውን ዳር ይዞ አቆመ። እሱም ዓይኑን ጠረገ፤ ላብ ነው አለ። እሺ፣ ላብ ይሁን።

እሑድ፣ ግንቦት 10። ቤት

ምንም አልሠራሁም። ተኛሁ። ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል። እማዬ ቅቤ ቀባችኝ፤ ለጎረቤት ሁሉ በስልክ ስታወራ ጅቡቲ ደርሳ የተመለሰችው እሷ ናት የሚመስለው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12። ፒያሳ፣ ምሳ ሰዓት

እንግዶቹ መጡ፤ ከእኛም፣ ከማዶም። ሙሳም አብሯቸው፣ ክራቫት አስሮ። ክፍሉ ጠበበ፤ ሰዎች በር ላይ ቆሙ። ስክሪኑ ላይ ጀማል ከሰመራ ወደ ጋላፊ። ጓደኛው ከፊት። ልክ እንደዚያኛው ቀን።

ኬላው ጋ ደረሱ። እኔ ስክሪኑን ማየት አቃተኝ፤ የኢ/ር ደረጀን ፊት ነበር የማየው። ከፊቱ ነው የማነበው። የፊተኛው መኪና ማዶ ፍሬን ያዘ። የጀማል ሳጥን ገና በእኛ መሬት ላይ እያለ ጮኸ። ድምፁ በስፒከር ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ነጥቧ ተሻገረች። አረንጓዴ ገባች፣ አረንጓዴ ወጣች።

ጭብጨባ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ይህ የማን ሐሳብ ነው ብሎ ጠየቀ። ኢ/ር ደረጀ ተነሳ። "እኔ ድንበሩ ላይ ልቆርጠው ነበር" አለ፤ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። "እንዳልቆርጠው ያደረገችኝ እሷ ናት።" በእጁ ጠቆመኝ። ማስታወሻዬ፣ በሰው ፊት እንዲህ የሚል አለቃ ስንት አለ? የምገባበት አጣሁ። ናሆም በጆሮዬ፣ ቀሽት ነው፣ አታልቅሺ፣ ኩልሽ ይወርዳል አለ። ወረደ።

ሙሳን ለምሳ ወሰድነው። ፓስታ ፍለጋ። ሌላ ቤት አገኘን። እንደ ድሮው አይደለም አለ። ሳህኑን ግን ጠርጎ በላ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ልረጋጋና ልጻፍ።

ጠዋት ቢሮ ደርሼ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ናሆም ጠራኝ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት። እውነተኛ። ሙከራ አይደለም። ከኬላው ወዲህ፣ በእኛ በኩል፣ ኩርባው ላይ ሰሞኑን ሳጥን ከገጠምንላቸው ተሳቢዎች አንዱ ተገልብጦ መንገዱን በአግድም ዘግቶታል። ንፋስ፣ አቧራ፤ እዚያ ያሉት ሰዎች በስልክ የእጃችንን መዳፍ አናይም ይላሉ። ሳጥኑ ሲገለበጥ ጮኋል። ለማን?

ከማዶ የሚመጡ ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያዋ የጀማል ናት።

ገና በጅቡቲ መሬት ላይ ነው። እየመጣ ነው። ስክሪኑን በእጄ ላቆመው ፈለግሁ። ድሮ ቢሆን ምንም አያውቅም ነበር፤ ከአቧራው ውስጥ በድንገት ብረት ነበር የሚያገኘው። ነጥቧ... ፍጥነቷ ወረደ። ወረደ። ከኋላዋ ያሉትም ወረዱ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ መቁጠሪያ። ተሻገረች። ቆመች።

ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ስልኩ ጮኸ።

"ሐዩ፣ ደህና ነኝ።" ንፋሱ ድምፁን ይቆራርጠዋል፣ መስመሩ ግን አልተቆረጠም። "ከፊቴ ነው፤ አሁን በእጄ ልነካው እችላለሁ። ከቆምኩ በኋላ እንኳ በእግሬ እስክደርስበት አላየሁትም ነበር።"

"ሹፌሩስ?"

"አውጥተነዋል። እጁ ተሰብሯል፣ ነፍሱ አለች። ይሳደባል፤ ከተሳደበ ደህና ነው።" ድምፁ ዝቅ አለ። "ሐዩ፣ ከኋላዬ ማን እንዳለ ታውቂያለሽ?"

"ማን?"

"ቦቴ። ነዳጅ የጫነ። እሱም ቆሟል።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ናሆም ስልኩን ከእጄ ወስዶ፣ ጀማል፣ ወንድሜ፣ እንኳን አተረፈህ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ሲያወራ ሰማሁት። ኢ/ር ደረጀ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ሰምቷል። ገብቶ ጭንቅላቴን ሳመኝ፤ እንደ አባት።

አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ። ሌላ ቃል የለኝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ጀማል ገባ። አቧራ ለብሶ። እማዬ ደጃፍ ላይ ይዛው አለቅም አለች። ከዚያ እኔን፣ በሌላው እጇ። ሁለታችንንም አንድ ላይ፣ ልጆች ሳለን እንደምታደርገው። የተገለበጠው ሹፌር ከሆስፒታል ደውሎለት ሳጥኗን የሠራች እህትህን ሳምልኝ ብሎታል። ጀማል ግንባሬን ሳመኝ፤ ይሄ የሱ ነው አለ። ከዚያ ደግሞ ሳመኝ፤ ይሄ የኔ ነው አለ።

ትናንት ኢ/ር ደረጀ ቢሮው ጠርቶኝ ነበር፤ ሳልነግርሽ አደርኩ። ሁለት ነገር አቀረበልኝ። አንዱ ም/ኃላፊነት፦ አዲሱ ሕንፃ፣ የራሴ ክፍል፣ ሊፍት፣ ዳገት የሌለበት ሕይወት። ሌላው የሞያሌ መንገድ፦ ከሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎ እስከ ኬንያ ድንበር። ጭጋግ፣ ደን፣ ሜዳ። ማዶ ሙሳን የሚመስል ሰው ገና መፈለግ አለበት። በእኔ ቦታ ቢሆን ወንበሩን ይመርጥ እንደነበር በግልጽ ነገረኝ። እስከ ሰኞ አስቢ አለ።

እማዬን ጠየቅኳት። ወንበር እንድትይዢ ነው የምመኘው አለች። ወዲያው ደግሞ፣ በሞያሌ መንገድ የሚነዱት ልጆች እናት የላቸውም እንዴ? አለች። ራሷ በተናገረችው ደንግጣ አፏን ያዘች።

ሰኞ፣ ግንቦት 25። ጠዋት፣ ቢሮ

ገና ማንም አልገባም። ፒያሳ በመስኮቱ በኩል ይነቃል፤ መጥረጊያ፣ የታክሲ ረዳት ጩኸት፣ የካፌ በር ሲከፈት። የሞያሌን ካርታ ከፈትኩት። አረንጓዴ ነጥብ ጥቂት ነው። ባዶው ብዙ። ባዶውን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ይሄ ነው መልሱ፣ ሌላ ምን አስባለሁ።

ለኢ/ር ደረጀ እንዲህ ጻፍኩ፦ ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ፤ ወንበሩን ለሌላ ሰው ይስጡት። ዓረፋን ከቤተሰቤ ጋር አክብሬ ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ወደ ሞያሌ እወጣለሁ። ናሆምን ይፍቀዱልኝ። ሥራውን ደግሞ ከዚህ በኩል ሳይሆን ከድንበሩ ጀምሬ ወደ ኋላ እሠራዋለሁ።

አንዴ አነበብኩት። ላክሁት።